የማይራመደውን ልጅ ሕክምና በምን ሚዛን እንምረጥ?

በንግድ የሚኖር ሰው የሚዛንን ነገር ጠንቅቆ ያውቃል። በአዲስ አበባ በመርካቶ፣ በርበሬ ተራ ቆሞ በርበሬ የሚገዛ ሰው ቀለሙን ተመልክቶ፣ በጣቱ ፈትጎና አሽትቶ፣ እርጥበት እንዳለበት መርምሮ፣ ሚዛኑም ባዶውን ሳለ ትክክል መቆሙን አይቶ ገንዘቡን ይከፍላል። በሸማ ተራም ጥለቱን ገልብጦ ሳያይ ነጠላ የሚገዛ የለም። ነገር ግን ይኸው ሰው ልጁ በታመመበት ጊዜ ሚዛኑን ይጥላል። የነገሩትን ሁሉ ያምናል፤ የጠየቁትን ሁሉ ይከፍላል፤ አንዱን ሳይጨርስ ሌላውን ይጀምራል። ይህም ከሞኝነት የተነሣ አይደለም፤ ከፍቅርና ከጭንቀት የተነሣ ነው እንጂ። ፍቅር ግን ሳይመረምር ሲቸኩል የሚወደውን ራሱን ሊጐዳ ይችላል። ስለዚህ በዚህ ወር ትምህርታችን፣ ከአንጎል ጕዳት የተነሣ መቀመጥ፣ መቆም ወይም መራመድ ለተሳናቸው ሕፃናት ወላጆች ከብዙው ሕክምና መካከል የሚበጀውን በምን መለየት እንደሚገባቸው እንመለከታለን።

1. ደዌው ምንድን ነው?

ሐኪሞች ሴሬብራል ፓልሲ የሚሉት ሕመም፣ ገና በማደግ ላይ ያለ አንጎል በመጐዳቱ ምክንያት የሰውነትን እንቅስቃሴና አቋም የሚያውክ ደዌ ነው። ጕዳቱ ሕፃኑ በማኅፀን ሳለ፣ ወይም በምጥ ጊዜ፣ ወይም ከተወለደ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሊደርስ ይችላል። ያለ ጊዜ መወለድ፣ በምጥ ጊዜ መታፈን፣ በአራስነት የሚታይ ብርቱ የቆዳና የዐይን ቢጫነት፣ ማጅራት ገትር፣ በራስ ላይ የሚደርስ አደጋ ከምክንያቶቹ መካከል ናቸው። በአንጎል ላይ የደረሰው ጕዳት እየሰፋ አይሄድም። ነገር ግን ሕፃኑ ካልተጠበቀ ጡንቻው እየከረረ፣ መገጣጠሚያው እየታጠፈ፣ አጥንቱ እየተጣመመ ስለሚሄድ አካሉ ከዓመት ወደ ዓመት ሊብስበት ይችላል። እንግዲህ ሁለት ነገር መለየት ያስፈልጋል፤ በአንጎሉ ላይ ያለው ጠባሳ ዛሬ በሚታወቅ ሕክምና አይጠፋም፤ ከጠባሳው የሚከተለውን ችግር ግን ማቅለልና ብዙውን አስቀድሞ መከላከል ይቻላል። በዚህ ትምህርት የምንናገረው ሁሉ በዚህ ልዩነት ላይ የቆመ ነው።

በአገራችን ብዙ ሰዎች ይህን ደዌ ልምሻ ከሚባለው ጋር ያደባልቁታል። ልምሻ ከሰው ወደ ሰው በሚተላለፍ ተዋሲ የሚመጣ፣ የጀርባ አጥንትን ሕብለ ሰረሰር የሚያጠቃና እግርን የሚያልፈሰፍስ ነው። ሴሬብራል ፓልሲ ግን ከአንጎል የሚመጣ ነው፤ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ብዙ ጊዜም እግርን ከማልፈስፈስ ይልቅ ያከርራል፣ እንደ መቀስም ያጠላልፋል።

ነገሩን በሰፊው በመመርመር የታወቁት ዊልያም ጆን ሊትል የተባሉ እንግሊዛዊ ሐኪም ናቸው። እሳቸው ራሳቸው እግራቸው ቈልማማ ነበር። በ1843 እ.ኤ.አ. ስለ አካል መጣመም አስተማሩ፤ በ1861 እ.ኤ.አ. ደግሞ በለንደን ለነበረው የማዋለጃ ሐኪሞች ማኅበር የምጥ ችግርና የልጆች አካል መክረር እንዴት እንደሚገናኙ አስረዱ። ከዚህም የተነሣ ደዌው ብዙ ዘመን የሊትል በሽታ ይባል ነበር። ኋላ በ1897 እ.ኤ.አ. የቪየናው ሐኪም ሲግመንድ ፍሮይድ፣ የምጡ ችግር ራሱ አስቀድሞ በማኅፀን የደረሰ ጕዳት ምልክት ሊሆን ይችላል ብለው ጻፉ። ይህን የምንናገረው ስለ ታሪኩ ብቻ አይደለም። «በምጤ ጊዜ ምን አጥፍቼ ይሆን?» እያለች ሌሊቱን በእንባ የምታሳልፍ እናት ታውቀው ዘንድ ነው።

የልጁ ደዌ የወላጅ ኀጢአት ዋጋ ነው የሚሉም አሉ። ደቀ መዛሙርት ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ጌታን በጠየቁት ጊዜ፣ ጌታችን እርሱም ወላጆቹም በዚህ እንዳልተከሰሱ እንደ መለሰ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ተጽፏል። ስለዚህ ልጁን በጓዳ መደበቅ፣ እናቲቱንም መውቀስ ከወንጌል ጋር አይስማማም። ይህ ልጅ ብቻውን የተለየ ፍጥረትም አይደለም፤ በአውሮፓ በሕይወት ከሚወለዱ 1000 ሕፃናት ሁለት ያህሉ፣ በ2017 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ደግሞ በምሥራቅ ዩጋንዳ ከ1000 ልጆች ሦስት ያህሉ ይህ ደዌ እንዳለባቸው ታውቋል።

2. በብዙ ምክር መካከል

ለምሳሌ በመርካቶ የሚኖር አንድ ቤተ ሰብ እናስብ። አባት ትንሽ ሱቅ አለው፤ ሦስት ልጆች አሉት፤ ታናሹ 3 ዓመት ሆኖት ያለ ድጋፍ አይቀመጥም። አያቱ «ልጄ፣ ጠበል ውሰጂው» ትላለች። ጎረቤት ወጌሻ ጋ ይታሽ ይላል። ከውጭ አገር ያለው አጎት ገንዘብ ተሰብስቦ ባሕር ማዶ ሕዋስ ይወጋ ብሎ ይልካል። አንዱ ደንበኛ ልዩ ቫይታሚን አለ ይላል። ሐኪሙ ፊዚዮቴራፒ አዝዟል። የሚመክሩት ሁሉ ወዳጆች ናቸው፤ የሁሉም ምክር ግን በአንድ ቤት ገንዘብና በአንዲት እናት ጉልበት ሊፈጸም አይችልም። አባት የዕቁቡን ገንዘብ አንድ ጊዜ ካወጣው ሁለተኛ ዕጣ እስኪደርሰው ረጅም ጊዜ ነው። ሕፃኑ ግን በዚያ ጊዜ ውስጥ ያድጋል።

በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 5 የተነገረላት ሴት በ12 ዓመት ሕመሟ ወደ ብዙ ባለመድኃኒቶች ሄዳ ያላትን ሁሉ ጨርሳ እንደ ነበረ፣ ከመዳንም ይልቅ እንደ ባሰባት እናነባለን። ወንጌላዊው ይህን ሲጽፍ መድኃኒትን ለመንቀፍ አይደለም፤ መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን እንድናከብር፣ መድኃኒትንም ከምድር ያበቀለ እግዚአብሔር መሆኑን ያስተምረናልና። ነገር ግን ሳይለዩ ከአንዱ ወደ አንዱ መሮጥ ቤትን ባዶ እንደሚያስቀር ከእርሷ ታሪክ እንማራለን።

3. አራቱ ጥያቄዎች

እንግዲህ ወላጆች አንድ ሕክምና በቀረበላቸው ጊዜ በአራት ጥያቄ ይመዝኑት።

አንደኛ፤ ሥራውን የሚሠራው ማነው? ልጁ ነው ወይስ ሌላ ሰው? አንጎል የሚማረው ባለቤቱ ራሱ ሲሞክር፣ ሲሳሳት፣ ደግሞም ሲሞክር ነው። ሌላ ሰው እጁንና እግሩን ሲያንቀሳቅስለት ልጁ ይዝናና ይሆናል፤ ሥራውን ግን አይማረውም። ይህንንም የብዙ ዓመት ልምድ አስረድቷል። በአሜሪካ በፊላደልፊያ ከተማ ዶማንና ዴላካቶ የተባሉ ሰዎች ያስፋፉት መንገድ ነበረ፤ ብዙ ሰዎች ሕፃኑን ከበው እጁን፣ እግሩንና ራሱን በየቀኑ ደጋግመው ያንቀሳቅሱለት ነበር። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር በ1968፣ በ1982 እና በ1999 እ.ኤ.አ. ይህ መንገድ የተባለለትን ጥቅም እንደማያስገኝ፣ በቤተ ሰብም ላይ ከባድ ሸክም እንደሚጭን አስታወቀ። ኢዮና ኖቫክ የሚባሉ አውስትራሊያዊት ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2013፣ ደግሞም በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ የታተሙትን ጥናቶች ሰብስበው፣ ሕክምናዎቹን እንደ መንገድ መብራት አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ብለው ለይተዋል። ልጁ ራሱ የመረጠውንና የሚያስፈልገውን ሥራ በመደጋገም የሚማርበት መንገድ ከአረንጓዴው ነው። አንድ ጐኑ ብቻ ለደከመ ልጅ ደኅነኛውን እጅ ለጥቂት ሰዓት ሸፍኖ የደከመውን ማሠራትም እንዲሁ ነው።

ሁለተኛ፤ ግቡ ምንድን ነው? በስንት ጊዜስ ይታያል? «ይሻለዋል» የሚል ቃል ሚዛን ላይ አይወጣም። «በሦስት ወር ውስጥ ያለ ድጋፍ ተቀምጦ በራሱ እጅ እንጀራ ይጐርሳል» የሚል ቃል ግን ይመዘናል። ወላጆች የጀመሩበትን ቀንና ልጁ በዚያን ቀን የሚችለውን በደብተር ይጻፉ፤ ቀኑ ሲደርስ ይመልከቱ። ከተለወጠ ይቀጥሉ፤ ካልተለወጠ ግቡን ወይም መንገዱን ከባለሙያው ጋር ይለውጡ። ደግሞ ልጅ በዕድሜው ብቻም የሚያሻሽለው ነገር እንዳለ አይርሱ። በካናዳ በኪዩቤክ 111 ሕፃናትን ለሁለት ከፍለው አንዱን ክፍል በተጨመቀ ኦክስጅን፣ ሌላውን በጥቂቱ በተጨመቀ ተራ አየር አሳከሙ። ውጤቱ በ2001 እ.ኤ.አ. ሲታተም ሁለቱም ክፍሎች እኩል ተሻሽለው ተገኙ፤ የኦክስጅኑ ብልጫ አልታየም። ንጽጽሩ ባይደረግ ኖሮ ወላጅ ሁሉ ምስጋናውን ለኦክስጅኑ በሰጠ ነበር።

ሦስተኛ፤ ከቤቱ ምን ይወስዳል? ዋጋው የሚከፈለው ብር ብቻ አይደለም። የታክሲው ኪራይ፣ ሱቁ የተዘጋበት ቀን፣ የእናቲቱ ወገብ፣ የታላላቆቹ ልጆች ትምህርት ሁሉ ይቈጠራል። ውጤቱ እኩል ከሆነ ቤቱን የማያፈርሰው ይመረጥ። በውጭ አገር የሚሸጠው የሕዋስ ሕክምና ገና በምርምር ላይ ያለ ነው። ምርምር የሚካፈል ሕመምተኛ ደግሞ እንደ ገበያ ዋጋ ሊጠየቅ አይገባም። ስለ እርሱ ቤትና ሱቅ መሸጥ አይገባም እንላለን።

አራተኛ፤ ምን ሊጐዳ ይችላል? ምንስ ተው ይላል? በወለምታ ጊዜ የወጌሻ እጅ ብዙ ሰው እንደ ጠቀመ አንክድም። የዚህ ልጅ መክረር ግን ከአንጎል የሚመጣ እንጂ አጥንት ከቦታው በመውጣቱ የመጣ አይደለም። ቆሞ የማያውቅ ልጅ አጥንቱ ስስ ስለ ሆነ በኀይል ሲጐተት ሊሰበር ይችላል። ፍጹም እፈውሳለሁ የሚለውን፣ የሌላውን ሁሉ ተው የሚለውን፣ ገንዘቡንም አስቀድሞ የሚጠይቀውን ሰው በመርካቶ ሸቀጥ ላይ ቢሆን ኖሮ ምን ትሉት ነበር? በልጅም ላይ ያንኑ በሉት።

4. እንደ ልጁ ደረጃ

አንድ ሕክምና ለሁሉ አይሆንም። በካናዳ በ1997 እ.ኤ.አ. የወጣው አከፋፈል ልጆቹን በአምስት ደረጃ ይለያል። በመጀመሪያው ደረጃ ያለው ልጅ ይራመዳል፣ ይሮጣልም፤ በአምስተኛው ያለው ራሱንና አንገቱን ለመያዝ እንኳ ይቸገራል። በ2002 እ.ኤ.አ. በዚያው አገር 657 ልጆችን በመከታተል የታተመ ጥናት፣ ልጆቹ ከሚደርሱበት የእንቅስቃሴ ችሎታ ዘጠኝ ዐሥረኛውን ቀላል ጕዳት ያለባቸው እስከ 5 ዓመት ገደማ፣ እጅግ ከባድ ጕዳት ያለባቸው ደግሞ 3 ዓመት ሳይሞላቸው እንደሚደርሱበት አሳይቷል። ከዚህ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። መጀመሪያው፣ በሕፃንነት መጀመር እንደሚገባ ነው። ሁለተኛው፣ የልጁን ደረጃ ሐኪሙን ጠይቆ ማወቅ ወላጅን ከከንቱ ወጪ እንደሚያድን ነው። በአምስተኛ ደረጃ ያለውን ልጅ ለማስኬድ የሚወጣው ገንዘብ ለመልካም መቀመጫ፣ ለአመጋገቡ፣ ሐሳቡን በሥዕል ወይም በምልክት መግለጥ እንዲማር ቢወጣ ይበልጥ ይጠቅመዋል።

በማንኛውም ደረጃ ሊዘነጉ የማይገባቸው ነገሮች አሉ። ከእነዚህ ልጆች ከሦስቱ የአንዱ ያህል የዳሌው አጥንት ከመገጣጠሚያው ቀስ በቀስ ይሸሻል፤ ሕመሙ ሳይሰማ ይጀምራልና ሐኪሙ በሚያዝዘው ጊዜ በራጅ መታየት አለበት። የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ መድኃኒቱ በድንገት ቢቋረጥበት ሕይወቱ በአደጋ ላይ ይወድቃል። ተንጋሎ የሚመገብ ልጅ ምግቡ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል፤ ስለዚህ ቀና ተደርጎ ተቀምጦ፣ ራሱም ጥቂት ወደ ፊት ዘንበል ብሎ፣ ወፈር ያለ አጥሚት በቀስታ ይጕረስ። ለከረረ ጡንቻ የሚሰጠው የቦቱሊነም መርፌ፣ ጀሶና የእግር ድጋፍ በሐኪም ምርመራ ይጠቅማሉ። የመርፌው ኀይል ግን የሚቆየው ጥቂት ወራት ብቻ ስለ ሆነ፣ በዚያ ጊዜ ልጁ ካልተለማመደ ገንዘቡ ባክኖ ይቀራል።

5. ስለ ጠበልና ስለ ሐኪም

«አባታችን፣ ጠበሉን ይዘን ሐኪሙን እንተው ወይስ ሐኪሙን ይዘን ጠበሉን?» የሚሉ ወላጆች ብዙ ናቸው። መልሳችን አጭር ነው፤ አንዱን ስለ ሌላው መተው አያስፈልግም። ቀድሞ በእንጦጦ ጠበል የኤችአይቪ መድኃኒታቸውን የሚያቋርጡ ሕሙማን በበዙ ጊዜ፣ በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጠበልና መድኃኒት እንደማይጣሉ፣ ሁለቱንም አብሮ መውሰድ እንደሚገባ አስታውቀዋል። ያው ትምህርት ለእነዚህ ሕፃናትም ይሠራል። ሕፃኑ ይጠመቅ፣ ይጸለይለት፣ ሥጋ ወደሙን ይቀበል፤ መድኃኒቱን ግን በሰዓቱ ይውሰድ። ወደ ጠበል ቦታ ሲወሰድም ብርድ እንዳያገኘው፣ ውኃው በአፍንጫው እንዳይገባ፣ በግፊያ መካከል እንዳይጐተት ይጠንቀቁ። በእምነት መጸለይ ማለት እግዚአብሔርን በቀን ቀጠሮ መያዝ አይደለምና፣ ልጁ ሳይራመድ ቢቀር የእናቲቱ እምነት አንሶ ነው የሚል ሰው አይስማ።

6. በመርካቶ ቤት ውስጥ

የመርካቶ ቤት ብዙ ጊዜ ጠባብ ነው፤ መተላለፊያው በዕቃና በተሸካሚ ይጨናነቃል፤ መኝታው ቆጥ ላይ የሆነበትም ቤት አለ። ስለዚህ በሳምንት አንድ ጊዜ ሐኪም ቤት የሚደረገው ልምምድ ብቻውን አይበቃም፤ የቀረው ስድስት ቀን በቤትና በሱቅ ነውና። ወላጆች ባለሙያውን «ይህን በቤታችን እንዴት እናድርገው?» ብለው ይጠይቁ። ልጁ በሱቁ ጥግ በምንጣፍ ላይ ተቀምጦ ትልልቅ ቡሽ ከዕቃ ወደ ዕቃ ቢያዛውር፣ የጣሳ ክዳን ቢከፍት፣ ለደንበኛ ፌስታል ቢያቀብል ልምምድ ነው። ሊያንቁት የሚችሉ ትንንሽ ነገሮች ግን ከእጁ ይራቁ። እግሩ የሚጠላለፍ ልጅ በአንቀልባ ሲታዘል ሁለቱ እግሮቹ በእናቱ ወገብ ግራና ቀኝ ስለሚከፈቱ መልካም ነው፤ ታጥፎ በክንድ ላይ ከመያዝ ይሻላል።

መቀመጫም ከባሕር ማዶ እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም። በዚምባብዌ ካርቶንና ወረቀት በዱቄት ሙጫ ደራርቦ ጠንካራ ወንበር የመሥራት ጥበብ ተጀምሮ ወደ ብዙ አገር ተስፋፍቷል፤ በመርካቶ ደግሞ ካርቶን ሞልቷል። በምን አለሽ ተራ ቆርቆሮና ብረት ቀጥቅጠው ሁሉን ነገር የሚሠሩ ባለ እጆች አሉ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ልኩን ቢሰጣቸው መቀመጫ፣ መቆሚያና መደገፊያ መሥራት ይችላሉ። ያለ ባለሙያ ልክ ግን አይሠራ፤ ልኩ የተሳሳተ ወንበር ጀርባን ያጣምማልና።

በአውቶቡስ ተራ ከክፍለ ሀገር ልጃቸውን አዝለው የሚወርዱ እናቶች አሉ። ጥቁር አንበሳና ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታሎች ለምርመራ፣ ኪዩር የሕፃናት ሆስፒታል ለአጥንት ቀዶ ሕክምና የሚኬድባቸው ናቸው። በ1962 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ቼሻየርም በመናገሻ አካላቸው የተጐዳ ልጆችን በመርዳት የታወቀ ነው። በጎንደር ዩኒቨርስቲ የፊዚዮቴራፒ ትምህርት ስለሚሰጥ ባለሙያ ለማግኘት ሁሉም አዲስ አበባ መምጣት የለበትም። ኢትዮጵያም የአካል ጉዳተኞችን መብት የዓለም ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ስለ ተቀበለች፣ ልጁን ለትምህርት ማስመዝገብ ልመና አይደለም፤ መብቱ ነው።

ደግሞ ወላጆች ብቻቸውን አይሁኑ። በደቡብ አፍሪካ ሐምቢሴላ የተባለ የወላጆች ትምህርት ተዘጋጅቶ ነበር፤ ኋላም በባንግላዴሽ ተስፋፍቶ እናቶች በቡድን እየተሰበሰቡ ስለ አመጋገብ፣ ስለ አያያዝና ስለ ጨዋታ ተምረዋል። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ሰንበቴና ማኅበር አለን። በአንድ ደብር ያሉ እንዲህ ያሉ ልጆች ወላጆች በወር አንድ ቀን ቢሰበሰቡ፣ የትኛው ሕክምና ምን ውጤት እንዳሳየ ከየደብተራቸው ቢነጋገሩ፣ ዕድሩም ለቀብር ብቻ ሳይሆን ለሕያው ልጅ መቀመጫ ቢያዋጣ ብዙ ስሕተት ይቀራል።

7. ማጠቃለያ

የዮናታን ልጅ ሜምፊቦስቴ በ5 ዓመቱ ሞግዚቱ ይዛው ስትሸሽ ወድቆ ሁለት እግሮቹ ሽባ ሆነው እንደ ቀሩ በሁለተኛ መጽሐፈ ሳሙኤል ተጽፏል። ዳዊት ካደገ በኋላ ፈልጎ አስመጣው፤ የአባቱን ርስት መለሰለት፤ ከልጆቹ እንደ አንዱ በማዕዱ አስቀመጠው። እግሩ እንደ ተፈወሰ አልተነገረም፤ ነገር ግን በጓዳ የተረሳ ሰው መሆኑ ቀረ።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፤ ከሕክምናዎቹ መካከል ልጃችሁን ወደ ማዕዱ የሚያቀርበውን ምረጡ። ተቀምጦ እንዲበላ፣ የሚሻውን እንዲናገር፣ ከወንድሞቹ ጋር እንዲጫወት፣ ያለ ሕመም እንዲተኛ የሚያደርገው ያ ነው። ይህን የሚያደርግ ሕክምና ቢያደክምም ያዙት፤ ይህን ሳያደርግ ተስፋን ብቻ የሚሸጠውን ግን ሻጩ ወዳጅ ቢሆንም ተዉት። በያላችሁበት ደብር ያለን ካህናትም ወደ እነዚህ ቤቶች ገብተን ልጆቹን በስማቸው ልንጠራቸው፣ እናቶችንም ልናሳርፋቸው ይገባናል። የድካማችሁን ዋጋ እግዚአብሔር ይክፈላችሁ፤ ማስተዋልንም ከትዕግሥት ጋር ያድላችሁ። አሜን።